የቀበሌ ቤት ኪራይ ለምን ጣሪያ አይጠግንም?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነበር፦ «እናቴ ሽምብጥ አካባቢ ቀበሌ ቤት ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ኖራለች። ኪራዩ በወር 18 ብር ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ሊወድቅ ነው፣ ቀበሌ በሄድን ቁጥር በጀት የለም ነው መልሱ። ኒውዮርክ ያለው የአክስቴ ልጅም የመንግሥት ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው፣ በብርዱ ጊዜ ማሞቂያ ይጠፋብናል፣ ሊፍቱ አይሠራም፣ መንግሥት ገንዘብ የለኝም ይላል አለኝ። አሜሪካ ያቃታት ነገር እዚህ እንዴት ይሆናል? አሁን ደሞ ኪራይ ሊጨምሩ ነው ይባላል፣ እንቃወም ወይስ እንቀበል? ኮንዶሚኒየምስ ባህር ዳር ላይ ለምን ቆመ?»

እህቴ፣ ለእናትሽ እግዜር ጤናውን ይስጣቸው። የጠየቅሽው ሲታይ ብዙ ነው ግን ሥሩ አንድ ስለሆነ አንድ ላይ ነው የምመልሰው፣ ረዘም ቢል ታገሺኝ። የተማርኩትም የምሠራውም የከተማ ቤት ፋይናንስ ላይ ነው፣ እዚሁ ባህር ዳር፣ እና ይሄ ጉዳይ ሁሌ ያንገበግበኛል። ሰው ስለ መንግሥት ቤት ሲያወራ የሚያወራው ስለ ግንባታ ነው፣ ስንት ቤት ተሠራ፣ ለስንት ሰው እጣ ወጣ፣ ሪባኑን ማን ቆረጠ። ስለ ጥገና ብር የሚጠይቅ የለም። የመንግሥት ቤት ግን ባብዛኛው የሚሞተው እዛ ጋ ነው፣ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በየዓመቱ ሊገባለት የሚገባው ብር ሳይገባ አስር ዓመት ሃያ ዓመት ሲቀር። የእናትሽን ቤትና የአክስትሽን ልጅ ቤት የሚያገናኛቸው ይሄ ነው። የአገሩ ሀብትና ድህነት ከዛ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

በስሌት እንጀምር። 18 ብር በ12 ወር 216 ብር ነው። ገበያ ወጥተሽ ደህና ቆርቆሮ ዋጋ ብትጠይቂ የዓመቱ ኪራይ አንዷን አይሸፍንም፣ ያውም ሚስማሩን፣ ማገሩንና የአናጢውን የቀን ሒሳብ ሳንቆጥር። ደሞ 216ቱ ብር ሙሉ ለሙሉ ለጥገና ይውላል ብለሽ እንዳታስቢ፣ ከሱ ላይ የሰብሳቢው ደሞዝ አለ፣ የደረሰኝ ማሳተሚያ አለ፣ የመዝገብ ሥራ አለ። እንዲህ ዓይነት ኪራይ ለመሰብሰብ የሚወጣው ወጪ ከሚሰበሰበው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ቀበሌ «በጀት የለም» ሲልሽ ውሸቱን አይደለም። መጠየቅ ያለበት በጀቱ እንዴት እንደዚህ ሊሆን ቻለ የሚለው ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን ሲያወጣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በላይ የነበሩት ቤቶች ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው የመንግሥት ድርጅት ሄዱ፣ ከዛ በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። እናትሽ ያሉበት ዓይነት ቤት ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። የትንንሾቹ ቤቶች ኪራይ ደሞ እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ያኔ ይሄ ለተከራዩ እውነተኛ እፎይታ ነበር፣ አከራዩ ጠዋት ተነስቶ ልቀቅልኝ ይለው የነበረ ሰው ተረጋግቶ ልጅ አሳደገ፣ ይሄን ማንም ሊክደው አይገባም። ችግሩ የመጣው ኪራዩ እዛችው ላይ ደርቆ ሲቀር ነው። የቆርቆሮው፣ የሲሚንቶው፣ የባህር ዛፉ አጠና ዋጋ ግን አልደረቀም፣ ሲወጣ ነው የኖረው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን አለፈ፣ ከዛ በኋላ ብረትና ቆርቆሮ ምን እንደሆነ አንቺም ገበያ ላይ አይተሽዋል።

እና ርካሽ ኪራይ ለእናትሽ የተዋለ ውለታ ይመስላል፣ ግን ቁጭ ብለሽ አስቢው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ቤቱን የጠገነው ማን ነው? ጭቃውን ማን አስመረገ፣ ለጣሪያው ላስቲክ ማን ገዛ፣ የግቢው ሽንት ቤት ሲሞላ ለመጣጩ መኪና መዋጮ ማን ከፈለ? እናትሽና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ያ ሁሉ ኪራይ ነው፣ ደረሰኝ የሌለው ኪራይ። ባለቤትነት የሌለው ሰው የባለቤት ወጪ ሲያወጣ ኖረ ማለት ነው። የ18 ብሯ ደረሰኝ መንግሥትን ከአከራይነት ግዴታው የምታሳርፍ ወረቀት ሆና ነው የኖረችው፣ እኔ እንደዛ ነው የማየው፣ እና ይሄን ስል ተከራዩ ላይ ኪራይ ይቆለል ማለቴ አይደለም፣ እሱ ላይ እመጣለሁ።

ባህር ዳር ላይ ደሞ ነገሩ ከብዙ ከተማ ይብሳል። በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ሐይቅ ዳር ናት፣ ክረምት ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ይመጣል፣ ጉድጓዶች ከታች በኩል ነው የሚሞሉት፣ የቤቱ እግር አይደርቅም። የጭቃ ቤት ክፉ ቤት አይደለም። ጣሪያው ካላፈሰሰ፣ ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ካለውና ዙሪያውን ውሃ መውረጃ ካለው ብዙ አስርት ዓመት ይቆማል። ግን ቆርቆሮው አንዴ ከዛገና ከተበሳ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል፣ ጭቃው ከማገሩ ይለቃል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል ወይ ምስጥ ይገባበታል፣ ከዛ ሁለት ሦስት ክረምት ነው የሚበቃው። በጊዜው ጥቂት ቆርቆሮ ያስቆመው የነበረ ነገር ከሦስት ዓመት በኋላ ግድግዳ አፍርሶ መሥራት ይሆናል፣ ካምስት ዓመት በኋላ ደሞ ቤቱ በሙሉ። የዘገየ ጥገና ወጪው ባለበት አይጠብቅሽም፣ ይባዛል። የጓሮው ግድግዳ ላይ አሁን የምታዪው ይሄንን ነው፣ እና ያን ያህል ሀብታም የሆነችው ኒውዮርክም ላይ የደረሰው ልክ ይሄው ነው፣ መጠኑ ይለያይ እንጂ።

የኒውዮርክ ከተማ ቤቶች ባለሥልጣን የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1934 ነው (ከዚህ በኋላ የአሜሪካንና የአውሮፓን ዓመት በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ሥራ የጀመሩት በ1935 መጨረሻ ነው። ዛሬ 177 ሺህ ገደማ ቤት አለው፣ ከ300 ሺህ ሰው በላይ ይኖርበታል። የድሮው ሒሳብ እንዲህ ነበር፣ ግንባታውን የፌዴራል መንግሥት ይከፍላል፣ የየቀኑን ወጪ ኪራዩ ይሸፍናል። ተከራዩ ባብዛኛው ሥራ ያለው ሰው ስለነበረና ቤቶቹም አዲስ ስለነበሩ ለተወሰነ ጊዜ ሄደ። ቤቶቹ ማርጀት ሲጀምሩ፣ ደህና ገቢ ያለው እየወጣ ደሃው ሲቀር ግን በየከተማው ሒሳቡ መፍረስ ጀመረ። ሴንት ሉዊስ የምትባል ከተማ ውስጥ ፕሩት አይጎ የሚባል 33 ትልልቅ ሕንጻ ያለው ሰፈር ነበር፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተሠርቶ አለቀ፣ ጥገናውን ከኪራይ ሸፍኑ ተባለ፣ ኪራዩ አልበቃም፣ ሊፍቱ ቆመ፣ ቱቦው ፈነዳ፣ ሰው ወጣ፣ ሰው ሲወጣ ኪራዩ ይበልጥ ቀነሰ፣ እና በ1972 መፍረስ ጀመረ። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ኪራይ እየጨመሩ ጉድለቱን ለመሙላት የሞከሩም ነበሩ፣ ደሃው የገቢውን ግማሽ ድረስ ለኪራይ መክፈል ውስጥ ገባ። ስለዚህ በ1969 ሕግ ወጣ፣ የመንግሥት ቤት ተከራይ ከገቢው ከ25 በመቶ በላይ አይክፈል የሚል፣ በ1981 ወደ 30 በመቶ ከፍ ተደረገ። ትክክለኛ ሕግ ነው፣ እኔ ሙሉ በሙሉ እደግፈዋለሁ። ግን ኪራይን በገቢ ከወሰንሽ በኪራዩና በወጪው መሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ብር በየዓመቱ ሳይቀር መምጣት አለበት። ያ ብር የሚመጣው ከኮንግረስ ነው፣ ኮንግረስ ደሞ በየዓመቱ እየተጨቃጨቀ ነው የሚመድበው፣ ባብዛኛውም ከሚያስፈልገው በታች። ሕጉ አንድ እጁን ዘረጋ፣ በጀቱ ሌላውን አጠፈ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ሰው ብዙ አያነሳውም። ኒውዮርክ ውስጥ በፌዴራል ብር ሳይሆን በክፍለ ግዛቱና በከተማው ብር የተሠሩ 21 ሰፈሮች ነበሩ። ክፍለ ግዛቱ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ከተማው ከዛ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ድጎማቸውን አቆሙ። ቤቶቹ አሉ፣ ሰዉ አለ፣ የሚደጉማቸው ግን የለም። ባለሥልጣኑ ከሌሎቹ ቤቶች በጀት እየቆነጠረ ሲያስታምማቸው ቆይቶ በ2010 ነው ወደ ፌዴራል ድጎማ የገቡት። እንግዲህ ለአስር ዓመት ያህል እነዛን 21 ሰፈሮች ለማቆየት ሲባል የሌሎቹ ጣሪያና ቦይለር (ሕንጻውን የሚያሞቀው ትልቁ የውሃ ማፍያ) ተራው ሳይደርሰው ቀረ ማለት ነው። ቤት ሲሠራ የጥገናውን ብር ማን እንደሚከፍል በሕግ ካልታሰረ መጨረሻው እንደዚህ ነው፣ ይሄን ለኛም አገር ሰዎች ሁሌ የምናገረው ነው።

አሁን ቁጥሩን ስሚ። በ2017 ሕንጻዎቹ ተፈትሸው በ20 ዓመት ውስጥ 45.3 ቢሊዮን ዶላር ጥገና ይፈልጋሉ ተባለ። በ2023 እንደገና ሲታይ 78.3 ቢሊዮን ሆነ። ስድስት ዓመት ነው ልዩነቱ። የግንባታ ዋጋ መናሩ አለበት፣ ግን ያኔ ሊጠገን ይችል የነበረው ቱቦና ቦይለር በሙሉ መቀየር ያለበት ወደ መሆን ማለፉም አለበት፣ የሽምብጡ ግድግዳ ታሪክ ማለት ነው። ለ177 ሺህ ቤት ስታካፍይው በአንድ ቤት ከ440 ሺህ ዶላር በላይ ይደርሳል። በ2017 እና 2018 መሃል በነበረው ብርድ ከ320 ሺህ በላይ ተከራይ የሆነ ጊዜ ላይ ማሞቂያ ወይ ሙቅ ውሃ ተቋርጦበታል። የአክስትሽ ልጅ የነገረሽ እውነቱን ነው።

እዚህ ጋ «ሌብነት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም» የሚል ሰው አይጠፋም። ሌብነትም አለ። በ2024 የካቲት ላይ 70 የባለሥልጣኑ ሠራተኞችና የቀድሞ ሠራተኞች ትንንሽ የጥገና ሥራዎችን ለኮንትራክተር ለመስጠት ጉቦ ተቀብለዋል ተብለው ባንድ ቀን ተከሰዋል። ከዛ በፊትም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት የግድግዳ ቀለም ምርመራ ሳይደረግ ተደርጓል ተብሎ ሪፖርት ይቀርብ እንደነበር ተጋልጦ ከ2019 ጀምሮ የፌዴራል ተቆጣጣሪ ተመድቦባቸው ነበር። መቀጣት ያለበት ይቀጣ። ግን 78 ቢሊዮኑን ጉቦ አልፈጠረውም፣ የፈጠረው የአርባ ዓመት ያልተከፈለ ጥገና ነው፣ እና ብር ሲያጥር ትንሿን ጥገና ማን ያግኝ የሚለው ራሱ ለጉቦ በር ይከፍታል።

አሁን የያዙት መንገድ ምንድን ነው ብትይ፣ ቤቶቹን በየዓመቱ ከሚለዋወጠው ድጎማ አውጥተው የረጅም ዓመት ውል ወዳለው ሌላ የፌዴራል ድጎማ ያዞሯቸዋል። የሃያ ዓመት ውል ካለ ባንክ ያበድራል፣ ምክንያቱም ብሩ እንደሚመጣ ይታወቃል፣ በብድሩ ጣሪያና ቦይለር በአንዴ ይቀየራል። አንዱ መንገድ የሕንጻውን አስተዳደር ለግል ድርጅት ይሰጣል፣ መሬቱ የባለሥልጣኑ ሆኖ ይቀራል፣ ተከራዩም ያው የገቢውን 30 በመቶ ነው የሚከፍለው። በ2022 ደሞ የመንግሥት ሆኖ የሚቆይ ሌላ ተቋም በሕግ ፈጠሩ፣ ነዋሪው በድምጽ ይመርጣል። ብዙ ተከራይ የግሉን ይፈራዋል፣ ኪራይ ላዘገየ ሰው ፈጥነው ያስወጣሉ ይላሉ፣ ስጋታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር ግን አለ፦ ትንሽም ቢሆን እርግጠኛ የሆነ ገቢ፣ ትልቅ ግን ይምጣ ይቅር ከማይታወቅ ገቢ ይሻላል፣ በእርግጠኛው ላይ ማቀድ ስለሚቻል።

ወደ ኮንዶሚኒየሙ ልምጣ። እሱ በትክክል ካየነው የመንግሥት ቤት አይደለም፣ መንግሥት ሠርቶ የሚሸጠው ቤት ነው። በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በነአርከበ እቁባይ አስተዳደር ጊዜ ተጀመረ፣ ከዛ ባህር ዳርን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ወጣ። ገንዘቡ የሚዞረው እንደዚህ ነው፤ ከተማው ወይ ክልሉ ቦንድ ያወጣል፣ ንግድ ባንክ ይገዛዋል፣ በዛ ብር ይሠራል፣ እጣ የወጣለት ቅድሚያውን ይከፍልና የቀረውን ባንኩ ጋ በረጅም ጊዜ ብድር ይገባል፣ ባንኩ ብሩን ያስመልስና ለሚቀጥለው ዙር ይሰጣል። መሬት በነጻ፣ የግንባታ ዕቃ በጅምላ። የሚሄደው ግን ቤቱ በጊዜው ካለቀና በወጣበት ዋጋ ከተሸጠ ብቻ ነው። ግንባታ ሲጓተት የቦንዱ ወለድ ይቆጥራል፣ ሲሚንቶ ይወደዳል፣ መሸጫው ግን ሕዝብ እንዳይማረር ተብሎ ከወጪው በታች ይቀመጣል፣ ጉድለቱ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ ሰው በላይ ነበር የተመዘገበው፣ በ2005ቱ ምዝገባ ደሞ ከዛም በእጅጉ በለጠ፣ እና ብሩ ያን ሁሉ ሰው ሊያዳርስ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

ባህር ዳር ላይ የተለየ ነገርም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ምድር ቤት ያሉት ሱቆች በጨረታ በውድ ሲሸጡ የመኖሪያውን ጉድለት በመጠኑ ይደጉሙ ነበር፣ በክልል ከተማ የሱቅ ዋጋ እዛ አይደርስም። ደሞ የኛ ሰው በማህበር ተደራጅቶ ቦታ ወስዶ ቀስ እያለ፣ ዘንድሮ መሠረቱን ለከርሞ ግድግዳውን እያለ መሥራት ነበር የሚመርጠው፣ የአራተኛ ፎቅ ቤት ላይ ዕዳ ከመግባት። ሰዉ ኮንዶሚኒየም ጠልቶ ሳይሆን ግቢ ስለሚወድ ነው፣ በርበሬ የሚያሰጣበት፣ በግ የሚያስርበት፣ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን የሚተክልበት። እና ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ፕሮግራም ብር ሲያጥረውና ፈላጊው ሲቀንስ ቆመ። ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ ደሞ የከተማውም ገቢ የዕቃ መንገዱም ተጎድቷል፣ ተፈናቅሎ ወደ ከተማ የገባው ሰውም የቤት ኪራዩን ወደ ላይ ገፍቶታል።

የተሠሩትም ቢሆኑ እንዴት እንደሆኑ ሄደሽ ማየት ትችያለሽ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ አዋጅ ጥገናውን ለነዋሪዎች ማህበር ነው የሰጠው። ማህበሩ መዋጮ ይሰበስባል፣ ጣሪያ፣ ደረጃ፣ ፍሳሽ ይጠብቃል ተብሎ። ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ የሚኖረው ባለቤት መዋጮ አይከፍልም፣ ተከራዩ የኔ አይደለም ይላል፣ ፍሳሹ ክረምት ላይ ገንፍሎ ግቢው ውስጥ ይፈሳል። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ በሆነበት ከተማ የፍሳሽ ጉድጓድ ጥገና ቅንጦት አይደለም። ባለቤትነት ተቀየረ እንጂ በሽታው ያው ነው።

እንግዲህ ኪራይ ሊጨምሩ ነው ላልሽው። ዝም ብለሽ አትቃወሚ፣ ዝም ብለሽም አትቀበዪ። ጭማሪው ራሱ መምጣቱ አይቀርም፣ መምጣትም አለበት፣ በ18 ብር ቤት አይቆምም። የሚያጣላው ሌላ ነገር ነው። ብሩ የት ነው የሚገባው? ወደ ከተማው ጠቅላላ ካዝና ከገባ ለመንገድ፣ ለነዳጅ፣ ለስብሰባ ሲውል እናንተ ብዙ እጥፍ ከፍላችሁ ጣሪያው እንዳፈሰሰ ይቀራል። ጭማሪው በክፍለ ከተማው ለመንግሥት ቤቶች ጥገና ብቻ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ይግባ፣ በየሦስት ወሩ ስንት ገባ ስንት ወጣ የቱ ቤት ተጠገነ ተብሎ በር ላይ ይለጠፍ፣ ተከራዮችም በኮሚቴው ውስጥ ሰው ይኑራቸው። እድር ለምን እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን፣ ትንሽ ነው የሚዋጣው ግን በየወሩ ነው፣ ለሌላ ነገር አይነካም፣ ዳኛው ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡን ሰው ፊት ያነባል። የቤት ጥገናም ብር እንደዛ ካልተያዘ አይጠራቀምም።

ሁለተኛ፣ ጭማሪው ለሁሉም እኩል መሆን የለበትም። ጡረታ የሚወጣላቸው ወይ ጉልት የሚነግዱ እናትና ደህና ገቢ ኖሮት በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው አንድ ዓይነት ኪራይ መክፈላቸው ዛሬም ትክክል አይደለም፣ ነገም ሲጨመር ትክክል አይሆንም። በገቢ ይወሰን፣ አቅመ ደካማው ካለበት አይነካ፣ የሱን ጉድለት ከተማው በጀት ላይ በግልጽ መስመር ይዞ ይሙላ። ክፍተቱን ማንም እንደማይሞላው እያወቁ ኪራይን በገቢ ወስነናል ማለት የኒውዮርክን በሽታ ማምጣት ነው።

ሦስተኛውና እኔ በጣም የምገፋው፣ ከመኖሪያው በፊት በንግድ ቤቶቹ ይጀመር። መሃል ከተማ፣ ገበያው ዙሪያ ያሉ የቀበሌ ንግድ ቤቶችን ተመልከቺ። ቤቱን ከመንግሥት በትንሽ ብር ይዞ ለሌላ ሰው በብዙ ሺህ የሚያከራይ አለ፣ ይሄን ከተማው ውስጥ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ልዩነቱ የሕዝብ ብር ነው፣ የነእናትሽ ጣሪያ ብር ነው፣ ኪስ ውስጥ የሚገባው ግን የአንድ ሰው ነው። የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን (የድሮው ኪራይ ቤቶች) በ2011 ዓ.ም. የንግድ ቤቶቹን ኪራይ ሲያስተካክል ብዙ ጩኸት ነበር፣ ጭማሪውም በአንዴ ሳይሆን በዓመታት እንዲከፋፈል ተደረገ፣ ግን ተቻለ፣ ኮርፖሬሽኑም ከዛ ወዲህ ገርጂ ላይ አዲስ የኪራይ መኖሪያ መንደር እስከ መሥራት ደርሷል። እዚህም ይቻላል፣ የሚያስፈልገው ከንግድ ቤቱ የሚገኘው ለመኖሪያው ጥገና ይዋል ብሎ የሚወስን ምክር ቤት ነው።

«አሜሪካ ያቃታት» ላልሽው ደሞ፣ አሜሪካን ብቻ አትዪ። ቪየና 220 ሺህ ገደማ የከተማ ቤት አላት፣ ከተማው ራሱ ነው ባለቤቱ። በ1923 ለቤት ብቻ የሚውል ግብር አወጡ፣ ትልቅና ቅንጡ ቤት ያለው ብዙ እንዲከፍል፣ ትንሽ ቤት ያለው በጣም ትንሽ። ያኔ ጦርነት ተሸንፈው፣ ገንዘባቸው ረክሶ፣ ሰዉ የሚበላው ያጣበት ዘመን ገና ማለፉ ነበር፣ ሀብታም ሆነው አይደለም የጀመሩት። ዛሬም ኦስትሪያ ውስጥ ከደሞዝ ላይ 1 በመቶ ለቤት ይቆረጣል፣ ግማሹን አሠሪው ግማሹን ሠራተኛው። የኛ አገርም የንብረት ታክስ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፣ ከተሞች መሰብሰብ ሲጀምሩ ከሱ ውስጥ ጥቂቷን እጅ እንኳ ለመንግሥት ቤቶች ጥገና በሕግ ቢያስሩ ከማንኛውም ዕርዳታ የበለጠ ነው፣ በየዓመቱ ስለሚመጣ።

አሁን ክረምት ሳይገባ ለእናትሽ ቤት የሚደረገውን ልንገርሽ። ግድግዳውን ከመንካታችሁ በፊት ጣሪያውን ሥሩ፣ የረጠበ ግድግዳ ላይ ምርጊት ብር መጣል ነው። ቀጥሎ በጓሮ በኩል ውሃ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ወደ መንገዱ ቦይ የሚያደርስ፣ የጎረቤት ቤት ላይ እንዳይሄድ። ግድግዳው ወደ ውጭ ከተጋደመ ድጋፍ እንጨት ይደረግለትና በዛ በኩል ማንም አይተኛ፣ ይሄ የሚቀለድበት አይደለም።

ያለ ፈቃድ ግን አትጀምሩ። የጥገና ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ፣ አለበለዚያ ሕገ ወጥ ግንባታ ነው ብለው ሊያፈርሱት ይችላሉ፣ የቤት ውሉም ላይ ጣጣ ያመጣል። ማመልከቻው ላይ ቤቱ የመንግሥት እንደሆነ፣ ጥገናው የአከራይ እንደሆነ፣ በጀት የለም ስለተባለ በራሳችሁ ወጪ እንደምትጠግኑና ወጪው ከወደፊት ኪራይ ላይ እንዲታሰብላችሁ እንደምትጠይቁ ይጻፍ። ባይፈቅዱት እንኳ ጥያቄው መዝገብ ውስጥ ይገባል። ቅጂው ላይ ማህተምና ቀን አስደርጊ። ፎቶ ከሥራው በፊትም በኋላም አንሺ፣ የቆርቆሮውን የሚስማሩን ደረሰኝ አስቀምጪ። ለብቻሽ አትሂጂ፣ ግድግዳ የሚጋሩት፣ ሽንት ቤት የሚጋሩት ጎረቤቶች ሁሉ ይፈርሙ፣ የአንድ ሰው ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፣ የአንድ ግቢ ማመልከቻ ግን ቶሎ አይረሳም።

የኪራይ ውሉና ያለፉት ዓመታት ደረሰኞች በእናትሽ ስም ስለመሆናቸው አሁኑኑ አረጋግጪ። ከተማው ውስጥ መንገድ እየሰፋ፣ ሰፈር እየተነሳ ነው፣ የመንግሥት ቤት ተከራይ ለልማት ሲነሳ ምትክ የሚያገኘው ሕጋዊ ተከራይነቱን በወረቀት ሲያሳይ ነው። ውሉ በአባትሽ ስም ከሆነና ሳይዛወር ከቀረ ዛሬ አዛውሩት፣ ሰፈሩ ሊነሳ ነው ከተባለ በኋላ የሚደረግ ዝውውር ጥያቄ ያስነሳል።

የኪራዩ ስብሰባ ሲጠራ ደሞ ሂጂና ሦስቱን ጠይቂ፦ ጭማሪው በየትኛው ሒሳብ ነው የሚገባው፣ አቅመ ደካማው በምን መስፈርት ነው የሚለየው፣ የንግድ ቤቶቹስ መቼ ነው የሚታዩት። በቃል የተመለሰልሽን በቃለ ጉባኤ ይጻፍልኝ በይ። ማመልከቻውን ለመጻፍ ከተቸገርሽ የቤት ቁጥርና የሰው ስም ሳታስገቢ የጣሪያውንና የግድግዳውን ፎቶ እዚሁ ለጥፊው፣ የትኛው ጥገና መቅደም እንዳለበትና ምን ብላችሁ እንደምትጽፉ አይቼ እነግርሻለሁ።